የአባባ ደም ከልክ በላይ ነው

ሱሉልታ፣ ሰኔ 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋነሽ አሥራት፣
ጎንደር፣ ጤና ኮሌጅ፤

ከነመጻሕፍትሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ በቸር አለን። እናትሽ ደህና ናት፣ ላሟ ወልዳለች፣ የቅቤ ሱቁም እንደቆመ ነው። ክረምቱ ገና ሳይገባ ጭቃው ቀድሞት ገብቷል፤ ሌላ የሚነገር ክፉ ነገር የለም።

ስለላክሁልሽ ፎቶግራፍ የጻፍሽውን አነበብኩት። «አባባ፣ ኮቱ ሰፋዎት፣ አንገትዎም ቀጠነ፣ ምን ሆኑ?» አልሽኝ። አይ አንቺ ልጅ! ሰው ፎቶግራፍ ሲላክለት «አማረብዎ» ይላል እንጂ የአባቱን አንገት ይለካል? ላስተማርኩበት ይኼ ነው ምስጋናው? ይሁን፤ ከጠየቅሽኝ ዘንድ መልስ አለኝ፤ ያውም በመንግሥት ማኅተም የታተመ መልስ።

ጥቅምት ላይ እኔና ጎረቤታችን ኦቦ ደገፋ ሰሊጥ ልንገዛ ሁመራ ከርመን እንደመጣን ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ትኩሳት ብጤ ይነካካኝ ነበር። እናትሽ ነጋ ጠባ ስትጨቀጭቀኝ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሄድኩላት። ደገፋም «ብቻህን አትሄድም» ብሎ አብሮኝ መጣ። ሐኪሙ ሁመራ መክረማችንን ሲሰማ የሁለታችንንም ደም አስቀዳና «ውጤቱን ይዛችሁ ወደ እኔ ተመለሱ» አለን። ውጤቱ ሲሰጠን የሐኪሙ ደጅ ላይ ያለውን ሰልፍ አየሁት፤ ያገር ሰው ሁሉ የታመመ ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ቡራዩ ቅቤ የምረከብበት ቀን ነበር። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፣ ደገፋም ተከተለኝ።

ቡራዩ ድሬሰሩን ተሾመን አገኘሁትና «እስቲ አንብብልኝ» አልኩት። «ይኼ በደም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን የሚለካ ምርመራ ነው» አለኝ። «ፕሮቲን ደግሞ ምንድን ነው?» ስለው፣ «ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል የሚገኝ፣ ሰውነት የሚገነባ ነገር ነው» አለኝ። «ልኩ ስንት ነው?» «ከስድስት እስከ ስምንት።» «የእኔስ?» «አሥር ነጥብ ሁለት።» «ከፍ ያለ ነው ማለት ነው?» «አዎ ከፍ ያለ ነው፤ ግን ጋሼ…» ሲለኝ ግኑን ማን ይሰማዋል! ሸዋዬ፣ ከስምንት አሥር ያመጣ ተማሪ እናንተ ኮሌጅ አለ?

ለነገሩ ምን ይገርማል? የይመኑ ልጅ ነኝ። በቤታችን ወተት ጠፍቶ አያውቅም። ደገፋ ምስኪኑ ሰባት ነጥብ አንድ ላይ ቀረ። ሆዴ ባባለት፤ ደህና ሰው ነው፣ ግን ደሙ ከእኔ ጋር አይወዳደርም። ወረቀቱን በመስተዋት አሠርቼ ሱቁ ውስጥ ከንግድ ፈቃዱ አጠገብ ሰቅየዋለሁ። ገበያተኛው ሁሉ እያየ ይገረማል። እንግዲህ ስለ አንገቴ አትጨነቂ።

አባትሽ
አሥራት ይመኑ

---

ጎንደር፣ ሰኔ 26 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ አሥራት ይመኑ፤

ጉልበትዎን ስሜ ልነሣና መጀመሪያ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ጓደኞቼ ከበውኝ ነበር፤ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀምሬ ቁጥሩ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ። እንኳን ደስ ያለዎ ብዬ ልጽፍልዎ እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። አልቻልኩም።

አባባ፣ ይኼ ምርመራ ብዙ ያመጣ የሚሸለምበት ፈተና አይደለም። ልክ ማለት ከታችም ከላይም አጥር ያለው ነው፤ ከላይ የዘለለም ከታች እንደሾለከው ከአጥር ወጥቷል። ያ ድሬሰር «ግን» ያለዎ ይህንኑ ሊነግርዎ ነበር።

ባለፈው ወር የተማርነውን ባጭሩ ልንገርዎ። በደም ውኃ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ዋና ዋናው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አልቡሚን ይባላል፤ ጉበት ነው የሚሠራው። ከሥራው አንዱ ውኃው ከደም ሥር ሾልኮ ወደ እግርና ወደ ሆድ እንዳይወርድ መያዝ ነው። ሌላው ግሎቡሊን ነው፤ በሽታ ሲገባ ሰውነት ለመከላከያ የሚያመርተው በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። አሥር ነጥብ ሁለት የተባለልዎ የሁለቱ ድምር ነው። በመብል ብዛት እዚያ አይደረስም፤ ሰው ሙክት እየጣለ ቢውል እንኳ ጤነኛ ከሆነ ድምሩ ከልኩ አያልፍም። ድምሩ እንዲህ የሚወጣው ብዙ ጊዜ አልቡሚኑ ወርዶ ግሎቡሊኑ ያለ መጠን ሲበዛ ነው። ይኼም ማለት ሰውነት ከአንድ ነገር ጋር ብዙ ወር ሲታገል ኖሯል ማለት ነው።

ደገፋ የታደለ ሰው ነው አባባ። ሰባት ነጥብ አንድ ደህና ደም ነው።

አሁን እንደ ልጅዎ ሳይሆን እንደ ሐኪም ቤት ሰው እጠይቅዎታለሁ፤ አይቆጡኝ። ትኩሳቱ ሲመሽ ነው የሚመጣው? ላብ ያጠምቅዎታል? ከግራ ጎድንዎ በታች ጠጠር ያለ ነገር ይዳስሳሉ? ቁርጭምጭሚትዎን በአውራ ጣትዎ ጫን አድርገው ይዩት፤ ስርጉድ ብሎ ይቀራል ወይስ ይመለሳል? ይህን ሁሉ ለዚያ ሐኪም ይንገሩት። እባክዎ ይመለሱ፤ ሰልፉን ይሰለፉልኝ።

ታዛዥ ልጅዎ
ሸዋነሽ

---

ሱሉልታ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለሸዋነሽ፤

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ላነብላት ጀምሬ መሐሉ ላይ «የቀረው የትምህርት ነገር ነው» ብዬ አጠፍኩት። የላክሁሽ አባትሽን እንድታኮሪ ነው፤ ደሙን እንድታወርጂበት ነው እንዴ?

ለጠየቅሽኝ መልሴ ይኸው። ትኩሳቱ ሲመሽ ይመጣል፤ ጧት የለም፤ የማያድር እንግዳ በሽታ አይባልም። ያልበኛል፤ ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው። ግራ ጎኔ ጠጠር ብሏል፤ ሃምሳን ያለፈ ሰው የት ቦታ አይጠጥርበትም? እግሬን እንዳልሽው ተጫንኩት፤ ጉድጓዱ ቀረ። ጫማዬ ጠቦኝ ነው። አሰፋዋለሁ። አንዳቸውንም ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ አንቺም እንዳትጽፊላት።

ደገፋ ታደለ አልሽ? ጉድ እኮ ነው! ለሐምሌ አቦ የጾሙ ፍቺ ጊዜ አዝኜለት የሰባ ሙክት ልኬለታለሁ። «ብላ፣ አንተም ቀስ እያልክ ስምንት ትገባለህ» አልኩት። ሰውዬው ሳቀና ተቀበለ፤ ምን ያድርግ። አሁን ሄጄ «በሽተኛው እኔ ነኝ፣ ሙክቴን መልስ» ልበለው? ወረቀቱንስ ከግድግዳ ባወርደው ገበያው ምን ይለኛል? ስንቱን በጣቴ እየጠቆምኩ አስነብቤዋለሁ!

በመጪው ጥቅምት እንደገና ሁመራ ለመውረድ ከነጋዴዎቹ ጋር ቃል ተጋብተናል። ሆስፒታል የምመላለስበት ጊዜ የለኝም። አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ። ደሜ ከበዛም ብዛቱ ለእኔ ነው።

አባትሽ
አሥራት ይመኑ

---

ጎንደር፣ ሐምሌ 22 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለአባቴ፤

ሰላምታዬን በሙሉ ልብዎ ይቀበሉኝ። ቁጣዎንም ተቀብያለሁ፤ ግን ዝም አልልም። ካሁን በፊት ሲቆጡኝ ዝም ያላልኩበት ጊዜ የለም፤ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ባለፈው ደብዳቤ የደበቅሁዎ ነገር አለ። ሚያዝያ ላይ አንድ ሰው ወደ እኛ ሆስፒታል መጣ፤ ሁመራ ሰሊጥ ሲነግድ የከረመ፣ በአንቱ ዕድሜ ያለ። የመረመርነው «ማታ ማታ ያልብዎታል? ጎንዎ ይጠጥራል?» እያልን ነበር፤ እሱም እንደ አንቱ ለሁሉም ምክንያት ነበረው። የደሙን ውኃ በቱቦ ቀድቼ ፎርማሊን ጠብ አደረግሁበት። ቱቦውን ስገለብጠው አልፈሰሰም፤ እንደተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ረግቶ ቀረ። ግሎቡሊኑ እጅግ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል። በሽታው ካላ አዛር ይባላል፤ በቆላው ያለች ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት የምትሰጠው። መርፌ አለው፤ ቶሎ የመጡት ይድናሉ። ያ ሰው ግን ዘግይቶ ነበር የመጣው። አስከሬኑን ለልጆቹ ስንሰጥ እዚያው ቆሜ ነበር።

የእርስዎ ያው ነው አልልም፤ ሳላይ አልምልም። ሌላም በሽታ ድምሩን ሊያወጣው ይችላል። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ያሳደጉኝ አንቱ ነዎት።

አሁን በሚያውቁት ልጠይቅዎ። ከገጠር አንዲት ሴት ቅል ሙሉ ቅቤ ይዛ ስትመጣ ሚዛኑ ላይ ከብዶ ቢያገኙት ደስ ብሎዎ ይገዛሉ? ልጅ ሆኜ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ከከበደ ይበልጥ ይጠረጥራሉ። «ክብደቱ የአሬራው ይሁን የቅቤው በምን ይታወቃል? አምጪው ይነጠር» ይላሉ። ከጥጉ ቆንጥረው ብረት ድስቷ ላይ ያስቀምጡታል፤ ቅቤው ለብቻ፣ ሌላው ለብቻ ሲሆን ነው ዋጋ የሚጠሩት። ሳይነጠር በሚዛን ብቻ የገዛን ነጋዴ ሱሉልታ ገበያ ሲስቅበት ይኖራል።

ታዲያ አባባ፣ የገዛ ደምዎን ሳያስነጥሩ በሚዛን ብቻ እንዴት ገዙት? ድምሩ ሚዛን ነው። አልቡሚኑ ስንት ነው? ግሎቡሊኑ ስንት ነው? ይህን ሳይነግሩዎ ከሐኪሙ በር አይነሡ።

እፈራለሁ። ይኼ በትምህርት ቤት የተማርኩት አይደለም። አባቴን እወዳለሁ፣ እንዳይሞትብኝም እፈራለሁ።

ልጅዎ
ሸዋነሽ

---

አዲስ አበባ፣ ከሆስፒታል፣ ነሐሴ 8 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋነሽ፤

ከአልጋ ላይ ነው የምጽፍልሽ፤ ፊደሌ ቢወላገድ አትፍረጂብኝ።

ያንን የቅቤ ነገር ከየት አመጣሽብኝ? ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ሱቅ ሄጄ ሥራዬን ጀመርኩ። አንዷ ባለ ቅቤ መጣች። «ይነጠር» ልል አፌን ስከፍት አንቺ ትዝ አልሽኝ። ሠላሳ ዓመት በሌላ ያልተሸወድኩ ሰው በራሴ ተሸውጄ ሰነበትኩ!

በዚያው ቀን ኦቦ ደገፋ የሙክቱን ቆዳ ይዞ ሊያመሰግን መጣ። ደልቶት ደልቶት በሩን ሞልቶ ሲገባ ብታዪው! «አካም ጅርታ?» ብሎ ደህንነቴን ጠየቀኝ። ልነሣለት ስል መቆም አቃተኝ፤ በብብቴ ይዞ አስቀመጠኝ። ሲይዘኝ ጊዜ ክንዴ በእጁ ውስጥ ጠፋ። አየኝ አየኝና «ዋቀዮ! አሥራት፣ እኔን ሙክት አብልተህ አንተ ልትሞት ነው እንዴ?» አለኝ። ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት። ሳይስቅብኝ ሰማኝ፤ ከሰማኝ በኋላ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት እያየ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው።

ለእናትሽም ነገርኳት። ከእሷ የቀረልኝ ስድብ የለም፤ ይገባኛል።

በማግሥቱ ደገፋ ደግፎኝ መጣን፤ ሰልፉንም ተሰለፍኩልሽ። ሐኪሙ ፊት ስቀርብ «ጌታዬ፣ ደሜን አንጥሩልኝ» አልኩት። ግራ ገባው። ልጄ የጻፈችልኝ ነው ብዬ ሳስረዳው ብዕሩን አስቀምጦ አዳመጠኝ። «ልጅህ የት ነው የምትማረው?» አለኝ። ጎንደር፣ ላቦራቶሪ፣ አልኩት ቀና ብዬ። አነጠሩልኝ። አልቡሚን ሁለት ነጥብ ሁለት፤ ግሎቡሊን ስምንት። ያ ስኮራበት የነበረው ሁሉ ሲነጠር ቅቤው ይቺ ሆና ተገኘች። ከዚያ ጣፊያዬን በመርፌ ወጉኝና ከዚያ የወጣውን በማጉያ መነጽር አዩት። ያልሽው ነው። ካላ አዛር። መርፌውን ዛሬ ጀመሩልኝ፤ አንድ ወር ገደማ በየቀኑ ነው አሉኝ።

እመጣለሁ እንዳትዪ። ፈተናሽ ደርሷል። ደገፋ በየሁለት ቀኑ ይጠይቀኛል፣ እናትሽ አጠገቤ ናት። ወረቀቱን ከግድግዳ እንዲያወርዱት አዝዣለሁ።

አባትሽ
አሥራት

---

ጎንደር፣ ነሐሴ 24 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፤

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን! ከሆስፒታል የጻፉት ሁለተኛው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ትኩሳቱ ለቀቀኝ የሚለውን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። አንቱ አትምጪ ስላሉኝ አልመጣሁም፤ ልቤ ግን ከአልጋዎ ሥር ነበር።

«መርፌው እየገባ፣ ትኩሳቱ ሄዶ፣ ድምሩ ለምን ወዲያው አልወረደም?» ብለው ላቦራቶሪውን ተቆጡ አሉ። እባክዎ አይቆጧቸው፤ ልክ ናቸው። ግሎቡሊኑ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ ጠላት ከሄደም በኋላ ዘቡ ቶሎ አይበተንም። ወራት ሊወስድ ይችላል። አንቱ የሚጠብቁት አልቡሚኑ ሲወጣ፣ ጣፊያው ሲያንስ፣ የእግርዎም እብጠት ሲጎድል ነው። ቁጥር ሲወርድ ደስ የሚለው ነጋዴ መሆን ይልመዱ።

ፍልሰታን በእንቁላልና በወተት መሻር ስለከበደዎ የጻፉልኝን አሰብኩበት። ምስርም፣ ባቄላም፣ ሽምብራም ፕሮቲን አላቸው፤ እዚህ ያደረሰዎ በሽታው እንጂ ጾሙ አይደለም። ሐኪሙ ወተት ካዘዘ ግን የንስሐ አባታችን ሳይፈቅዱ አይቀሩም ብዬ ነበር። እናቴ የንስሐ አባታችን ራሳቸው «ለበሽተኛ ጾም የለም፣ ጠጣ» ብለው ብርጭቆውን አነሡለት ብላ አስጻፈችልኝ፤ ሳቅሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎና ላብቃ። በቃል ፈተናው ላይ መምህራችን የፕሮቲን ድምር ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ጠየቁኝ። የመጽሐፉን መልስ ከመለስኩ በኋላ «አባቴ ቅቤ ሳያነጥር አይገዛም» ብዬ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ከዚያ አንደኛ ወጥተሻል አሉኝ። የቅቤውን ነገርም ለታች ክፍል ተማሪዎች ሊነግሩ ነው። ባለቤቱ አንቱ ነዎት ብያቸዋለሁ።

የምትኮራብዎት ልጅዎ
ሸዋነሽ

---

ሱሉልታ፣ ኅዳር 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋነሽ አሥራት፣ ለአንደኛዋ፤

«ያሉበትን እውነቱን ይጻፉልኝ፣ ምንም አይደብቁኝ» ስላልሽኝ እውነቱን እጽፋለሁ። ጣፊያዬ ወደ ቦታው ገብቷል፤ ሐኪሙ በእጁ ፈልጎ አጣው። ኮቱን እናትሽ ልታስጠብበው ቆርጣ ነበር፤ አሁን እንደገና እየጠበበኝ ነው። አልቡሚን ሦስት ነጥብ ስድስት። ድምሩ ወርዷል፤ ስምንት ነጥብ ሦስት ነው። ሁመራ ዘንድሮ አልወረድኩም። የወረዱትን ነጋዴዎች ግን ሲመለሱ ሳልመክር አላሳልፍም፤ ማታ ማታ ያላበው ካለ እጁን ይዤ ሆስፒታል አስገባዋለሁ።

በሚካኤል ዕለት የጽዋ ማኅበራችን ሰበታ በአጎትሽ በካሳሁን ቤት ነበር። ከሕመሜ ወዲህ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ጠላው ከተቀዳ በኋላ እንደተለመደው የልጆች ወሬ ተነሣ። አንዱ ልጁ በፊቱ ቀና ብሎ እንደማያይ ነገረን። አንዱ ልጁ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት እንኳ «አዎ አባባ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል እንደማያውቅ ነገረን። ሁሉም «እሰይ፣ ልጅ እንዲህ ነው» አለ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

ተነሣሁ። «የእኔ ልጅ» አልኳቸው፣ «ተሳስተዋል ብላ ጻፈችልኝ። ተቆጣሁ፤ ደግማ ጻፈችልኝ።» አቶ ዳኜ፣ ያ ሽማግሌው፣ ጽዋውን ከአፉ አውርዶ «ምን ማለትህ ነው አሥራት? ልጅህ ቃል መለሰችልህ ማለት ነው?» አለኝ፤ ያፈረልኝ መስሎኛል። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ በደሜም ቢሆን እንደዚያ አልኮራሁም።

«አዎ፣ መለሰችልኝ!» አልኩት። «ባትመልስልኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ ተሰብስባችሁ የምትጠጡት የተዝካሬን ጠላ ነበር።»

አባትሽ
አሥራት ይመኑ